ጓሳ፣ ወፍ ዋሻ ወይስ የአንኮበር ገደል? በሰሜን ሸዋ የዱር እንስሳት ጉብኝት ለሚገዙ

በሰሜን ሸዋ በአስጎብኚ የሚመራ የዱር እንስሳት ጉዞ የሚሸጡ ሰዎች የሚያቀርቡት ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሁሉም ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ጉሬዛና ብርቅዬ አእዋፍ ይታያሉ ይላሉ፤ ሁሉም የገደል አፋፍ ፎቶግራፍ ያሳያሉ። ልዩነቱ ያለው ግን መኪናው በስንት ሰዓት ቦታው እንደሚደርስና ጎብኚው የት እንደሚያድር ላይ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚሸጡትን ሦስት የጉዞ ዓይነቶች፣ ማለትም በመንዝ ጓሳ አድሮ መጎብኘትን፣ በወፍ ዋሻ ጫካ በእግር መጓዝንና ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአንኮበር በኩል ያለውን ገደል በአንድ ቀን አይቶ መመለስን የማነጻጽረው በዚሁ መለኪያ ነው።

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚያገለግለው የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ እስከ ዛሬ የቆየውም የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጡት አለቃ፣ በአባ ቄራ አማካይነት ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ያጭዱት ስለነበር ነው። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ጎብኚው ይህንን ታሪክ ከአካባቢው መሪ አፍ ቢሰማው ይሻላል፤ ከከተማ የመጣ አስጎብኚ የሚነግረው አጠር ያለውን ነው።

ወደ ጓሳ የሚያስኬደው ዋናው ምክንያት ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ደጋዎች ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓሳን ያየሁት «ቀበሮው በእርግጠኝነት ይታያል» በተባለልኝ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር። ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ረፋዱ ላይ ደረስን፤ ምሳ ተበላ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ሾፌሩ «እንዳይመሽብን» እያለ ሞተሩን አስነሳ። ያየሁት ነፋስና አንድ ጭልፊት ነበር። ገንዘቤን ስጠይቅ የጉዞ ሻጩ የእንስሳት ነገር በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን አስረዳኝ፤ ሲሸጥልኝ ግን በእሱ እጅ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ እዚያው አደርሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን የጓሳው ጉች ጉች ያለ ሣር በውርጭ ነጥቶ፣ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሽ ነበር። ባና የተከናነቡት መሪያችን ቀበሮ ፍለጋ ከመዞር ይልቅ፣ ከገደል ወጥቶ ሣር መንጨት ከጀመረ የጭላዳ መንጋ አጠገብ አስቀመጡን። ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ አንድ ቀበሮ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ በመንጋው መካከል ዝግ ብሎ ሲያልፍ፣ ግልገል የታቀፉት እናቶች እንኳ ከተቀመጡበት አልተነሱም። መሪው በልምድ ያወቁትን ነገር ተመራማሪዎችም በዚሁ በጓሳ ለክተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲያድን የተሳኩለት 25 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጓሳን የሚገዛ ሰው ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት የሚያድርበትን ጉዞ ይግዛ፤ የአንድ ቀኑ ጉዞ በግማሽ ዋጋ ቢቀርብ እንኳ ውድ ነው።

ወፍ ዋሻ ፍጹም የተለየ ነገር ይሸጣል። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለ የተፈጥሮ ደን ሲሆን፣ በውስጡ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ወደ ላይ ከፍ ሲባል ደግሞ አስታና ጅብራ ይገኛሉ። እዚህ እንደ ጓሳ አርቆ ማየት አይቻልም፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል፤ የምኒልክ ድኩላ ግን ከሚታይ ይልቅ ሲሸሽ የሚሰማበት ጊዜ ይበዛል። ወጣ ገባው ጉልበት ይፈታተናል፤ በተለይ ቁልቁለቱ፤ ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የጭነት በቅሎ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። መራመድ የሚወድና እንስሳ ባያይም የማይከፋው ሰው ከሦስቱ ይህንን ቢመርጥ አይጸጸትም።

ሦስተኛው፣ ርካሹና ቀላሉ፣ የአንኮበር ገደል ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመንገዱ ላይ ገደሉ አፋፍ ዘንድ ጭላዳን ማየት ይቻላል። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ስለሚወጣ፣ ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው ቁርሱን በልቶ ቢነሳ እንኳ ይደርስበታል። ልጆችንና አረጋውያንን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል የለም። ወፍ ተመልካቾች ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ይመጣሉ፤ ለሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተገለጸውና በስፍራው ስም የተጠራው የአንኮበር ሰሪን የተባለው ወፍ እዚህ ገደል ላይ ይኖራልና። ቡናማ፣ ሸንተረራም፣ ትንሽ ወፍ ስለሆነ ያለ መነጽርና ያለ አዋቂ መሪ ድንቢጥ ነው ተብሎ ይታለፋል። አንኮበር ላይ ማደር የሚፈልግ ሰው በምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የተሠራ ሎጅ ያገኛል።

ዋጋ ሲነጻጸር ድምሩን ብቻ ማየት ያሳስታል። መኪናው፣ የመግቢያው፣ የአካባቢው መሪና የስካውቱ (የጥበቃ ሠራተኛው) ክፍያ፣ ምግቡና መኝታው ተለይተው ይጻፉ፤ በተለይ የአካባቢው መሪ ክፍያ ካልተጠቀሰ፣ ጎብኚው ቦታውን ከማያውቅ ሾፌር ጋር ሊቀር ይችላል። በጓሳ ለማደር የሚቀርበው ብርድ ልብስ ስንት እንደሆነም ይጠየቅ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ አንድ ጋቢ ምንም አያደርግም። መስከረምና ጥቅምት ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩም የጠራ ስለሚሆን ለሦስቱም ጥሩ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉም ገደሉንም ጫካውንም ስለሚሸፍን እኔ አልገዛም። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ቀበሮዋ የምታሳድጋቸው ግልገሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ለፎቶግራፍ ሲባል ወደ ጉድጓዱ ልውሰድህ የሚል መሪ ቢገጥም እምቢ ማለት ይገባል። ውሻ ይዞ መሄድም አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ከከፉት ጠላቶች አንዱ ነው።

የጸጥታው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሻጩ ሳይሆን በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ከሚኖር ሰው መጠየቅ ይሻላል፤ መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ እንደሚመለስ ደግሞ በጽሑፍ ይያዝ።