ፋት ወይስ ስሊም? ፒኤስ ቱ ለምትገዙ ሂሳቤ ይኸው

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው “ፒኤስ ቱ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?” ብሎ ጠይቆኛል። ፕሌስቴሽን 2፣ ያ የድሮው የሶኒ ጌም ማጫወቻ ማለታቸው ነው። አንዱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። ልጁ ከስልክ አልላቀቅ ቢለው፣ እሱ ያደገበትን ጌም ሊያሳየው አስቧል። ሌላው ሲያገባ የሸጠውን አሁን መልሶ ፈልጎታል። ሚስቱ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት በስልክ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሱን ከላይ ላስቀምጠው፤ ፋቱን ግዙ። ያንን ጥቁር፣ ከባድ፣ ከጀርባው የሀርድ ዲስክ ማስገቢያ ያለውን። ስሊሙ፣ በኋላ የወጣው ቀጭኑ፣ ያምራል፣ ቀላል ነው፣ ይረክሳልም። እኔን የሸወደኝ መርከሱ ነው።

ስሊሙን የገዛሁት መርካቶ ነው፤ 5,000 ብር፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር። ፋቱ እዚያው 6,500 ይባል ነበር፣ ያውም ያለ ጆይስቲክ። 1,500 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግራን ቱሪስሞ 4 እየተጫወትኩ ከውስጡ “ክርርር” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዲስኩን አውጥቼ ወደ መብራቱ ዘንበል ሳደርገው፣ በኮምፓስ የተሠራ የሚመስል ክብ ጭረት ተስሎበታል። ጥፍሬን ይይዘዋል። ዲስኩ ደግሞ የወንድሜ ነው፣ ኦሪጅናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሊሙ ውስጥ ዲስኩን ከሚያነበው ሌንስ ወደ ቦርዱ የሚሄድ ጠፍጣፋ ሪባን ገመድ አለ። ሌንሱ ወዲያ ወዲህ በተመላለሰ ቁጥር ገመዱ ይታጠፋል። ሲያረጅ ወደ ላይ ይጎብጥና የሚሽከረከረውን ዲስክ መቧጨር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የመጀመሪያው ስሊም፣ 70000 የሚባለው፣ በዚህ ይታወቃል። (ይህ ከሥሩ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ እንደ አገሩ ስለምትለያይ እዚህ ሁሉንም በ0 ነው የምጽፈው።) መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገመዱን ወደ ታች ተጭኖ በቀጭን ፕላስተር ማስያዝ። ስሊም ያላችሁ ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት። እኔ ይህን ያወቅኩት ዲስኩ ከሄደ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ ደከመ። ቀይ ስክሪን፤ “የፕሌስቴሽን ዲስክ አስገባ” የሚለው። አንድ ጠጋኝ ጋ ወስጄ በ1,300 ብር አዲስ ሌንስ አስገጠምኩ። አይሠራም። “ይሄም ሌንስ ሞቷል ወንድሜ፣ ከፋብሪካው ነው” ብሎ ሌላ 1,300 ብር ተቀበለኝ። የ“ሞተውን” ይዤ መጣሁና ቤት ቁጭ ብዬ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ለካ አዲስ ሌንስ ሲመጣ በማይታይ ኤሌክትሪክ እንዳይቃጠል ሁለት ነጥቦች በጠብታ ብየዳ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ከተገጠመ በኋላ ጠብታዋ መነሳት አለባት። ሰውዬው በመጀመሪያው ላይ ረስቷታል። መበየጃ አስነክቼ አነሳኋት፤ ሌንሱ ሠራ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ትርፍ ሌንስ አለኝ፤ 1,300 ብር ያወጣ መታሰቢያ።

ሦስተኛው አዳፕተሩ ነው። ስሊሙ (ከ90000 በስተቀር) የሚሠራው ከውጭ በሚሰካ 8.5 ቮልት አዳፕተር ነው። ከእቃው ጋር የሰጡኝ ፎርጅድ ነበር። ሲነኩት እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ቲቪው ላይ ደግሞ ስስ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይሳባሉ። ቲቪዬ ተበላሸ ብዬ ሁለት ቀን ስጨነቅ ነበር። ኦሪጅናሉን በ900 ብር ገዛሁ፤ መስመሮቹ ጠፉ።

ደምሩት። 5,000፣ ሁለት ሌንስ 2,600፣ አዳፕተር 900፤ 8,500 ብር። የወንድሜን ዲስክና ኩርፊያ አልቆጠርኩም።

አሁን ፋቱ። መጨረሻ ላይ ያንኑ 6,500 ከፍዬ 50000 የሚባለውን ሞዴል ገዛሁ። የተሻለው እሱ ነው፤ የማራገቢያው ጩኸት ከበፊቶቹ ይቀንሳል። 30000ውም ይሁን፣ ችግር የለውም። ሀርድ ዲስክ ማስገቢያው ሁለቱም ላይ አለ። እዚያ ላይ ኔትወርክ አዳፕተር የሚባለው ይገጠማል፣ ሀርድ ዲስኩ እሱ ላይ ይሰካል። ያሉኝን ዲስኮች አንድ በአንድ ገልብጬ አስገባሁ። 500 ጊጋ ላይ ከ100 በላይ ጌም ይገባል። ፍሪ ማክቡት የሚባለውን፣ ማሽኑ ሌሎች ፕሮግራሞችን እንዲያስነሳ የሚያደርገውን ሶፍትዌር በሀርድ ዲስኩ ላይ ጫንኩ፣ ጌሙን የሚያስነሳው ደግሞ ኦፒኤል የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሌንሱን ረስቼዋለሁ። አይሽከረከርም፣ አይቧጭርም፣ አይለመንም። ሰፈራችን ጌም ቤት አንድ ግጥሚያ በአንድ ብር ስንጫወት፣ ባለቤቱ ፒኤስ ዋኑ አላነብ ሲለው በጀርባው ገልብጦ ያስተኛው ነበር። ያ ሰውዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ዋጋው ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይበልጣል። ኔትወርክ አዳፕተሩ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ትንሽ እቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። እኔ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ አመጣችልኝ፤ በብር 4,200 ገደማ መጣ። ሀርድ ዲስኩ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ነው፣ 1,500። ሁሉም 12,200 ብር። ከስሊሙ 3,700 ይበልጣል። ልዩነቱ፣ ፋቱ ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳንቲም አላወጣሁም።

ኔትወርክ አዳፕተሩ ላይ ተጠንቀቁ። በጣም ርካሹ ፎርጅድ ላላ ብሎ ነው የሚገባው፤ ጠረጴዛውን ትንሽ ሲነኩት ሀርድ ዲስኩ ይጠፋል፣ ጌሙ ባለበት ደርቆ ይቀራል። የመጀመሪያው የተላከልኝ እንደዚያ ነበር። ኦሪጅናሉ ከበድ ይላል፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው፣ የአሜሪካው እንደውም የስልክ መስመር መሰኪያ ሁሉ አለው። በእሱ ላይ ለአዲሶቹ ሀርድ ዲስኮች የሚሆን ትንሽ ቦርድ መቀየር ይቻላል። ላኪያችሁን “ኦሪጅናሉን፣ ያገለገለም ይሁን” በሏት።

ወደ አሜሪካ ከገባን አይቀር፣ ዋናው አደጋ እዚያ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩት። የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ 1 ከሆነ የአሜሪካ ነው፣ 0 የጃፓን፣ 3 የእንግሊዝ፣ 4 የአውሮፓ። የአሜሪካው ፋት 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ የጃፓኑ 100። የእኛ ሶኬት 220 ነው። አንድ ጎረቤቴ ከዲሲ የተላከለትን በቀጥታ ዲቫይደር ላይ ሰካው። “ጧ” አለ፣ ሽታው ኮሪደር ድረስ ወጣ። ወይ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ፣ ወይ የአውሮፓውን ምረጡ። የተቃጠለ ካላችሁም አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፤ ከተመሳሳይ የአውሮፓ ሞዴል የተነቀለ ይገጠማል። ፋቱ በአንድ ካቻቢቴ ነው የሚከፈተው፤ ብሎኖቹ ከሥር በትንንሽ ክዳኖች ተሸፍነዋል።

ውጭ ሰው የለኝም የምትሉ ስሊም ግዙ፣ አልቀየማችሁም። ግን 75000 ወይም 77000 ፈልጉ፣ ፕላስተሩንም አትርሱ። ፍላሽ ላይ ጌም ጭኖ መጫወት ይቻላል፣ ሆኖም የፒኤስ ቱ ዩኤስቢ የድሮው ቀርፋፋው ስለሆነ በጨዋታው መሀል የሚመጡ ፊልሞች ይንተባተባሉ። ስሊሙ የኔትወርክ መሰኪያ አብሮት ስለተሠራ በገመድ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ብታገናኙት በጣም ይሻላል። 90000ው ፓወሩ ከውስጥ ስለሆነ ደስ ይላል፣ ግን የመጨረሻዎቹ ላይ ፍሪ ማክቡት አይነሳም። ከሥሩ ዴት ኮዱን፣ የተሠራበትን ጊዜ የሚያሳየውን፣ እዩ፤ 8 ሲ (8C) ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ እለፉት።

ሚሞሪ ካርድ፣ ጌሙ የደረሰበት የሚቀመጥበት። ኦሪጅናሉ 8 ሜጋ ብቻ ነው። “64 ሜጋ”፣ “128 ሜጋ” እያሉ የሚሸጡትን አትንኩ። የሌላ ባልደረባዬ የማስተር ሊግ ቡድን፣ በእግር ኳስ ጌሙ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ የገነባው፣ አንድ ጠዋት ጠፍቶ ተገኘ። ካርዱ ስንት ነበር? 350 ብር። ኦሪጅናል ያገለገለ በ800 ይገኛል፤ 450 ብር ቆጥቦ ቡድኑን ቀበረ።

ጆይስቲክ ደግሞ ፎርጅዱ ከኦሪጅናሉ ይበዛል። የእኔ መለያ ይሄ ነው፤ ግራን ቱሪስሞ ክፈቱና ኤክስን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ። የኦሪጅናሉ ቁልፎች የጣትን ግፊት ይለካሉ፤ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑ መኪናው ቀስ ብሎ ይነሳል። ፎርጅዱ ወይ የለም ወይ ሙሉ ነው፤ መኪናው ጎማ እያጮኸ ይወጣል። ኦሪጅናሉ ደግሞ ሲያረጅ አንዳንድ ቁልፎች ይሰንፋሉ ወይም ራሳቸው ይጫናሉ። ሞቷል ተብሎ በ200 ብር የሚጣልላችሁ እሱ ነው፣ ተቀበሉት። ውስጡ ስሱን የፕላስቲክ ሰርኪዩት ከቦርዱ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ትንሽ ስፖንጅ አለ፤ ከዕድሜ ብዛት ይሟሽሻል። በተመሳሳይ ውፍረት ሌላ ስፖንጅ ቆርጣችሁ ብትተኩት ይነሳል። እኔ ሦስት አስነስቻለሁ።

“ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? ባለ 10 ሺህ ጌም ስቲክ አለ አይደል፣ ቲቪው ላይ የሚሰካው?” የሚል አለ። አለ። ለእህቴ ልጅ በ3,200 ገዝቻለሁ። አንዱ ጌም በስም እየተቀያየረ አሥር ጊዜ ይመጣል። ቁልፉን ስትጫኑና ሰውዬው ሲዘል መሀል ላይ ቡና ይፈላል። በአራተኛው ወር ሚሞሪው ሞተ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቲቪ ላይ ለመሰካት ትንሿን የኤችዲኤምአይ መቀየሪያ የምትገዙ፣ ቀለሙ የተበላሸ ቢመስላችሁ ሻጩን አትሳደቡ። የፒኤስ ቱው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፖነንት ቪዲዮ የሚለውን ከአርጂቢ ወደ ሌላኛው ቀይሩት። ጀርባው ወፍራም የድሮ ቲቪ እናታችሁ ቤት ካለ ግን አምጡት፣ ምንም መቀየሪያ አያሻም።

ስትገዙ ሦስት ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ሥሩ ጥቁር የሆነ የፒኤስ ዋን፣ ሥሩ ሰማያዊ የሆነ የፒኤስ ቱ ሲዲ፣ እና ብርማው ዲቪዲ። ሌንሱ ለሲዲና ለዲቪዲ የተለያየ ጨረር ነው የሚጠቀመው። አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ሻጩ የሚያሳያችሁ የሚሠራውን ነው።

ያ ለልጁ የሚገዛው ባልደረባዬ ባለፈው ቅዳሜ ሦስቱን ዲስክ ከእኔ ተውሶ ሄደ። ሻጩ ዲቪዲውን አጫወተለት፣ “ያልተነካካ ነው፣ እንደ ሎሚ” አለው። ሰማያዊውን ሲሰጠው ቀይ ስክሪን መጣ። ጥቁሩም እንደዚያው። ከ7,000 ጀምሮ ሲከራከሩ ቆይተው ሰውዬው ራሱ አፍሮ 5,200 አለው። ከፈለና ተሸክሞ ወጣ። ሀርድ ዲስኩን ሐሙስ ማታ ገጠምንለት።