ኮምቦልቻ ላሉት ጋሽዬ፦ መሪዬን ስላስተካከሉልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎት

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ኮምቦልቻ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ መካኒክ ናቸው። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላሉኝ አልጽፍም። እኛ ደንበኞቻቸው ጋሽዬ ነው የምንላቸው።

መኪናዬ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት፤ 78 የምትባለው፣ ከፊት ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ ብረት) ያላት። ከደሴ ወረኢሉ፣ ለጋምቦ፣ መካነ ሰላም ድረስ የመስክ ሠራተኞችና ዕቃ ታመላልሳለች። የቤተሰቤ እንጀራ ናት። ገጠር ስትገባ ሆዷ ድንጋይ እየመታ አስቸገረኝና ባለፈው ዓመት ከፍ አስደረግኳት። ሞላው ላይ ማስነሻ፣ ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ ማለቴ ነው፣ ተጨመረና 8 ሳንቲሜትር ገደማ ተነሳች። ቁመናዋ አማረ። መሪዋ ግን ጠፋ። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትላለች። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከኋላዬ ሰው ጭኜ፣ እጄ መሪው ላይ ደርቆ ይቀር ነበር። የመሪ ሾክ፣ የመሪውን መንቀጥቀጥ የሚያለዝበውን፣ አስቀየርኩ። ሳምንት ደህና ሆነች፤ ከዚያ ያው።

ጋሽዬ ጋ የሄድኩት ሌላ፣ የባሰ ረጅም ሞላ ልገዛ አስቤ ነው። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ላሳያቸው ስል እጃቸውን አወናጨፉ።

"የሚመታብህ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ።

"ዲፈረንሻሉ።"

"ታዲያ ሞላ ዲፈረንሻል ያነሳል እንዴ ልጄ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላም ባሌስትራም የሚያነሳው ከላይ ያለውን ሻንሲና ቦዲ ነው። አክሰሉ፣ ማለትም የግራና የቀኙን ጎማ የሚያገናኘውና ዲፈረንሻሉ ያለበት ብረት፣ ከጎማው ጋር ስለታሰረ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማ ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም ከዲያሜትሩ ጭማሪ ግማሹ። ጎማው 4 ሳንቲሜትር ቢያድግ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው 2 ሳንቲሜትር ነው። ስንት ዓመት ስነዳ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግናቸው አይበዛም።

ከዚያ ረዳታቸውን መሪ ላይ አስቀመጡት። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እንዲያደርግ ነገሩት። እኔን ይዘውኝ ከፊት በኩል ጎንበስ አሉ። እጄን ወሰዱና የታይሮዱን፣ መሪው ሲዞር ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ጫፍ አስጨበጡኝ። "ዝም ብለህ በእጅህ ስማ" አሉ። መዳፌ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ላልቷል ማለት ነው፤ በዓይን ግን ምንም አይታይም። እንዲህ እያሉ መጋጠሚያውን ሁሉ በእጄ አስነኩኝ። ፓናሩ ላይ ሲደርሱ፣ አክሰሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያስረው ዘንግ ማለቴ ነው፣ ጎሚኒው (ላስቲኩ) ተበልቶ ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ይላል። በመጨረሻ በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ኩሽኔታው ደህና ነበር፤ "ይኼን አትንካው" አሉኝ። ያልተበላሸውን ቀይር የማይል መካኒክ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ የመኪና ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል።

የመሪዋን ዋና በሽታ ያስረዱኝ ግን ግድግዳ ላይ በተደገፈች ብስክሌት ነው። የፊት ሹካዋ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። ያ ዘንበል ማለት ነው ጎማውን ራሱ ቀጥ እንዲል የሚያደርገው። በመኪና ካስተር ይሉታል። እንደኔ ዓይነቷ ላይ ሞላው ከፍ ሲል የፊት አክሰሉ ወደ ፊት ይዞርና ዘንበል ያለው ይቃናል። በ5 ሳንቲሜትር ብቻ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይጠፋል። እኔ 8 አስነስቼ፣ ለካስተሩ ምንም ሳላደርግ ነው ሐረጎን ስወርድ የከረምኩት። "የመሪ ሾክ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም" ያሉኝም ያን ጊዜ ነው።

ማስነሻውን አወጡት። በምትኩ 5 ሳንቲሜትር የሚያነሳ ሞላ ተገጠመ። ሞላውን ከመምረጣቸው በፊት የጠየቁኝ የሚገርም ነው። ስንት ሰው ትጭናለህ? ጣሪያ ላይ ምን አለ? ባዶዋን የምትሄደው ስንት ቀን ነው? ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል፤ ለቀላል የተሠራው ደግሞ ጭነት ሲበዛ ይተኛል። መካከለኛውን መረጡልኝ። ካስተሩን የሚመልስ ቡሽ ገባ። ፓናሩ ርዝመቱ በሚስተካከል ተቀየረ፤ መኪና ሲነሳ አክሰሉን ወደ አንድ ጎን የሚገፋው እሱ ነውና። ታይሮዱን 555 የሚባለውን የጃፓን ማርክ አስገዙኝ። ፎርጅዱ ስለበዛ ራሳቸው እያገላበጡ አይተው፣ የኳሱን ዘንግ በጣታቸው ገፍተው፣ አንዱን መልሰው ሌላ አስመጡ። ዳዶው እንዳይፈታ የምትገባዋን ኮፒሊያ እንኳ አሮጌዋን አልመለሱም። አዲስ አስገብተው ጫፏን በፒንሳ ሲያጥፉ ቆሜ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። መኪናዬ ላይ የኋላ ፍሬኑን በጭነት ልክ የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ በቀጭን ዘንግ ከኋላ አክሰሉ ጋር ተያይዟል። መኪናዋ ከፍ ስትል ቫልቩ ባዶዋን ያለች ይመስለዋል። የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል፣ የፊቱ ብቻውን ይለፋል። ለአንድ ዓመት ሰው ጭኜ ቁልቁለት የወረድኩት እንዲህ ሆኜ ነው። ጋሽዬ ዘንጉን አስተካከሉት፣ የፍሬን ቱቦዎቹም እንደማይወጠሩ አረጋገጡ። ይህን ሲነግሩኝ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም መሰል፣ "አብሽር፣ አሁን አልፏል" አሉኝ።

ከአላይመንት በኋላ አብረን ወጣን። ሜዳው ላይ ኩርባ ዞሬ መሪውን ላላ ሳደርገው ራሱ ተመልሶ ቀጥ አለ። ማታ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ በአንድ እጄ ነበር የምነዳው። ቤት ስደርስ ባለቤቴ "ዛሬ ምን አግኝተህ ነው?" አለችኝ።

ጋሽዬ፣ አላህ ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስንት ተሳፋሪ እንዳተረፉ እርስዎም አያውቁትም።

መኪናውን ከፍ ለማድረግ ያሰበ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እነግረዋለሁ። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል። ደግሞ የዘወትር ጭነታችሁን ጭናችሁ ሂዱ፤ ባዶ መኪና ይዛችሁ ብትቀርቡ ጭናችሁ ኑ ብለው ይመልሷችኋል።