ስሊፒንግ ባጌ ከወራት በኋላ፦ ከዲግሪው በፊት ልኩን እዩ

ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የካምፕ መኝታ ከረጢት፣ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚችል ነው። «እህቴ፣ ይሄ ከዜሮ በታችም ይችላል» ይላል ሻጩ፤ ዋጋውም በዚያው ይጠራል። ወራት ተኝቼበት የምመሰክረው ግን ዲግሪው የሚሠራው ባጉ ለገላችሁ ልክ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው። ከሰፋ ውስጡ የቀረውን ባዶ አየር ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቀው የእናንተው ገላ ነው። ከጠበበ ደግሞ ትከሻችሁና ዳሌያችሁ በጨርቁ መሃል ያለውን ሙሌት ገፍተው ያሳሱታል፣ ብርዱም በዚያው ይገባል።

ስለዚህ ሻጩን ካርቶን አስነጥፌ፣ ጫማዬን አውልቄ ሱቁ ወለል ላይ ገባሁበት። ዚፑን እስከ አገጬ ዘግቼ እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ፣ በጎኔ ዞርኩ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ። እኔ በጎኔ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። የመጀመሪያው ባግ ጉልበቴ ጋ ተወጠረ። ሁለተኛው ለረጅም ሰው የተሰፋ ስለነበር ከእግሬ በታች ሁለት ስንዝር ያህል ባዶ ቀረ። ሦስተኛው ላይ የእግሬ ጣቶች ጫፉን ሳይገፉ ተዘረጋሁ፤ ትከሻዬም ጋ ሹራብ ለብሶ ለመግባት የሚበቃ ቦታ ነበረው። እሱን ይዤ ወጣሁ።

ኮፍያ ያለው፣ ወደ እግር እየጠበበ የሚሄድ፣ ሙሌቱ ሰው ሠራሽ የሆነ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ነው። የላባው ቀላልና ሙቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከረጠበ ግን ይሟሽሻል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል። አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ማድረቂያ ማሽን ለሚኖር ሰው በነሐሴ ዝናብ ላባ መያዝ ፈተና ነው።

ታጉ ላይ ስላለው ቁጥር አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለሴቶች። አይኤስኦ 23537 በሚባለው መለኪያ «ምቾት» የሚለው ቁጥር የሚሰላው በአማካይ ሴት ነው፤ ዝቅተኛው ወሰን ደግሞ ኩርምት ብሎ በሚተኛ አማካይ ወንድ። የኔው ምቾቱ 2 ዲግሪ፣ ወሰኑ ከዜሮ በታች 4 ነው። ሻጩ የጠራልኝ ሁለተኛውን ነበር፤ እኔ የገዛሁት የመጀመሪያውን አይቼ ነው። «ጽንፍ» የሚባል ሦስተኛ ቁጥር ካያችሁ ደግሞ በሕይወት ስለመትረፍ እንጂ ስለ እንቅልፍ የሚናገር አይደለም።

ዋናው ፈተና ጥር ላይ ሰሜን ተራሮች፣ ግጭ ካምፕ ነበር። ካምፑ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ካሰላችሁ፣ ከአዲስ አበባ በስምንት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ደረቅ ካልሲና ሹራብ ለብሼ፣ ሙቅ ውሃ የሞላሁትን ኮዳ እግሬ ሥር አድርጌ፣ የኮፍያውን ገመድ ሳብ አድርጌ እስከ ንጋት ተኛሁ። ጓደኛዬ ከኔ የወፈረ ባግ ይዞ፣ ስስ ማት (ከባጉ ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ) ላይ ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከሥር ያለው ሙሌት በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ የመሬቱን ብርድ የሚመልሰው ማቱ ነው።

ያማረረኝ ዚፑ ነው። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ከጀርባው ያለውን ስስ ጨርቅ ይነክሳል፤ በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት ማስለቀቅ ያበሳጫል፣ ሁለት ቦታም ጨርቁን አሳስቶታል። ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ የዚያን ጨርቅ ጠርዝ ብቻ ይዞ ጠንከር ያለ ቀጭን ሪባን ሰፋበትና ንክሻው ቀነሰ። እንዲህ ስታሰፉ መርፌው ወደ ሙሌቱ እንዳይዘልቅ ተቆጣጠሩ፤ ስፌት ያለፈበት ቦታ ሁሉ ብርድ ያስገባል።

ሙሌቱ እስካሁን አልሞተም። ከጉዞ ስመለስ በረንዳ ላይ አናፍሼ፣ ከአሮጌ አንሶላ በተሰፋ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ልቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። በጠባቧ መያዣው ታጭቆ ወራት ቢቀመጥ ተመልሶ አይነፋም።

ባሌ ላይ ሰነቴ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ለማደር ለብቻው አልይዘውም፤ ውስጡ ፍሊስ ከሚባለው ለስላሳ ሙቅ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት እጨምርበታለሁ። ወንጪና እንጦጦ ላይ ግን ዚፑን ገለጥ አድርጌ ነው የምተኛው።