ባትሪ ሊሸጥልኝ ያልፈለገው የመገናኛው ጠጋኝ

ስልኬ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ50 ነው። ለገበያ የቀረበው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን እኔ እጅ የገባው በዓመቱ ነው። ባለ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪው እስካለፈው ጥር ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ አሳፍሮኝ አያውቅም። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠባዩ ተለወጠ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 100 ሆኖ ራስጌዬ ያስቀመጥሁት ስልክ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 58 ሆኖ አገኘዋለሁ። ማንም አልነካውም፤ ሲዳስሱት ግን ለብ ይላል።

የሠፈሬ ጠጋኝ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ባትሪው ሞቷል፤ 2,200 ብር» አለኝ። ልከፍል ነበር። ኪሴ አልፈቀደም እንጂ።

መገናኛ ደረጃ ሥር ያለችውን ሱቅ ያሳየኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስም የላትም፤ መስታወቷ ላይ «የሞባይል ጥገና» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ወጣቱ ጠጋኝ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት በጥፍሩ የጀርባውን ክዳን ዙሪያ ዳሰሰ። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶት ቢሆን ኖሮ ስልኩን ይዤ እንድሄድ እንደማይፈቅድልኝ ነገረኝ። አላበጠም። ቀጥሎ የባትሪ አጠቃቀሙን ዝርዝር ከፈተ፤ ከልክ በላይ የበላ መተግበሪያ የለም። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ በቅርቡ ቤት ቀይረዋል?» አለኝ።

ቀይሬያለሁ። ለማንም አልነገርሁም፤ ቤት መቀየር ከባትሪ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ልናገር?

«ባትሪ የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ሳምንት ከተበላሸ በዚያ ሳምንት የተለወጠውን ነገር ይፈልጉ» አለኝ። ከዚያም በካርቶን ቁራጭ ላይ የሦስት ሌሊት የቤት ሥራ ጻፈልኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው የቤት ሥራ ስሰጥ ለኖርሁት ለእኔ! የመጀመሪያውን ሌሊት በአውሮፕላን ሁነታ አሳደርሁት፦ ንጋት ላይ 96። ሁለተኛውን አንደኛው ሲም ካርድ ብቻ በርቶ፦ 91። ሦስተኛውን ሁለተኛው ሲም ብቻ በርቶ፦ 61። ሌባው ተያዘ።

አዲሱ ቤታችን የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው፤ መኝታ ቤቱ ከድጋፍ ግንቡ ጋር ተፋጧል። ሁለተኛው ሲም እዚያ አራተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ያገኛል፣ ያጣል፣ ወደ ሦስተኛው ይወርዳል፣ እንደገና ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ። ጠጋኙ ሲያስረዳኝ «ስልክ ማማው ሲቀርበው ያንሾካሹካል፣ ሲርቀው ይጮኻል፤ የሚጮኽ ደግሞ ቶሎ ይርበዋል» አለኝ። በሃያ ዓመቱ እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ለምን ወደ እኛ ሙያ እንዳልመጣ ደመወዛችንን የሚያውቅ አይጠይቅም። ሁለተኛውን ሲም በሦስተኛው ትውልድ ላይ ብቻ እንዲቆይ አደረገው። አሁን ሁለቱም ሲሞች በርተው አድረው ንጋት ላይ ከ87 በታች ሆኖ አላየሁትም።

ባትሪ ቀይርልኝ ብዬው ነበር፤ እምቢ አለ። በእርግጥ አርጅቷል፣ እንደ አዲስነቱም አይይዝም፤ ነገር ግን 20 እና 30 ላይ እያለ በድንገት መጥፋት ሲጀምር እንድመለስ ነገረኝ። የጠየቀኝ ዋጋ የቻርጀር ቀዳዳውን ከኪስ አቧራ ላጸዳበት 150 ብር ነው።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን በፕላስቲክ በርጩማ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጫለሁ። ደረሰኝ የለም። ለሚሸጣቸው ባትሪዎች የአንድ ወር ዋስትና እሰጣለሁ ይላል፤ በቃሉ ብቻ። ከሁሉም ያልተመቸኝ የደንበኞቹ ስልኮች አንድ መሳቢያ ውስጥ ተከምረው፣ ስማቸው በፕላስተር ላይ በእስክርቢቶ ተጽፎ ማየቴ ነው፤ አንዱ ፕላስተር ተላቅቆ መሬት ላይ ወድቆ አይቻለሁ። ስለዚህ ስልኩን ትታችሁ አትሂዱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ወረፋ የለም፤ በርጩማዋም ባዶ ናት።