የአርሲ ስንዴ ወይስ የጥቁር ባሕር? ዳቦ ቤት ለምትከፍቱ

ገላንና ዱከም አካባቢ ዳቦ ቤት ሊከፍት የተነሣ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ከውጭ የገባው ስንዴ ይሻላል ወይስ የአገር ውስጡ? እኔ የአርሲንና የባሌን እመርጣለሁ። ዋናው ምክንያቴ ዋጋ ነው።

የውጭው ስንዴ ዋጋ የሚቆረጠው ከእኛ ርቆ ነው። በየካቲት 2014 መጨረሻ፣ የዩክሬን ጦርነት እንደተጀመረ፣ በቺካጎ ገበያ አንድ ቡሽል ማለትም 27.2 ኪሎ ከ12 ዶላር አለፈ። ኩንታሉ 44 ዶላር መሆኑ ነው። በነሐሴ 2016 ግን ኩንታሉ ወደ 20 ዶላር ወርዶ ነበር። ረከሰ ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና በ2014 ወደ 51 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ብር ተሻገረ። አባዙት፤ በ2014ም በነሐሴ 2016ም ኩንታሉ ከ2,000 ብር በላይ ነበር። የመርከቡ፣ የወደቡና ከጅቡቲ እስከዚህ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የመኪና ኪራይ ገና አልተደመረም።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየካቲት 2015 ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ ሲበሰር ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን የሩሲያው ስንዴ በጥቁር ባሕሩ ወደብ በኖቮሮሲስክ በጅምላ መርከብ ሲጫን፣ የእኛው ግን ወደብ እስኪደርስ ኪራይ ይበላዋል። ላኪውን የሚጎዳው ርቀት እኛን ይጠቅመናል።

የአገር ውስጡ ችግር ጥራቱ ወጥ አለመሆኑ ነው። አፈርና ጠጠር አለበት፤ ጠጠሩ የወፍጮ ሲሊንደር ይበላል፣ ማስጠገኛው ደግሞ ከስንዴው ትርፍ በላይ ነው። ሂሳቡን እንዲህ ሥሩት፤ ለምሳሌ ኩንታሉን በ6,000 ብር ገዝታችሁ 5 ኪሎ ቆሻሻ ከወጣበት፣ የንጹሑ ኩንታል ዋጋ 6,316 ብር ነው። ስለዚህ ሳይበጠር አትመዝኑ። ጥቂት ፍሬ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ አኝኩ፤ እንደ ማስቲካ ከተያያዘ ሊጡ ይነሣል፣ ከተበተነ ተዉት። ዝናብ አግኝቶት የበቀለ ስንዴ ካለበት ደግሞ ዳቦው ውስጡ ይጣበቃል፤ በቅናሽም አትውሰዱት።

የተቆረጠ ቶስት ለሆቴል የምታቀርቡ ከሆነ ወጥነት ስለሚያስፈልጋችሁ ከውጭው ብትቀላቅሉ አልቃወምም።

ከሁሉም የከፋው የተመሳሰለ ፉርኖ ዱቄት ነው። ታዋቂ ስም ያለበት ባዶ ማዳበሪያ ተለቅሞ ርካሽ ዱቄት ይሞላበትና እንደገና ይሰፋል። አንድ ጓደኛዬ በ"ውጭ ስንዴ" ስም እንዲህ ያለውን ገዝቶ፣ ሊጡ ውሃ አልጠጣ ብሎት ሙሉ ጭነት ከሰረ። ስፌቱን እዩ፤ ሁለት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ ካለ አታውርዱ። አስተማማኙ መንገድ በታኅሣሥና በጥር፣ አዝመራው ሲገባ፣ ስንዴውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ማስፈጨት ነው። ፍሩሽካውንም ለከብት አድላቢ ትሸጡታላችሁ፤ ሱሉልታና ሰንዳፋ ፈላጊው ብዙ ነው።