ስኬት ልገዛ ሄጄ ተሸወድኩ

ለልጄ የበረዶ ሆኪ ስኬት፣ ማለትም ከሥሩ ብረት ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ የገዛሁበት ደረሰኝ ላይ ማህተም አለ። «አይመለስም፣ አይለወጥም» ይላል፤ በቀይ፣ በትልቁ። እኔ ያየሁት ዛሬ ነው። ቅዳሜ ሲሰጡኝ ምንም ሳላነብ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ልጆቻችሁ ዘንድሮ ሆኪ የጀመሩባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ እንዳትወጡ። የሱቁን ስም አልጠራም። ብዙዎቻችሁ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የውድድሩ ወቅት ሲቃረብ በሩ ድረስ ሰልፍ የሚሠራበት፣ ስትገቡ የእርጥብ ጓንት ሽታ የሚቀበላችሁ፣ አንድ ሙሉ ግድግዳ ስኬት በማሰሪያው እንደ ቋንጣ የተሰቀለበት ቤት ነው። አሮጌውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ አገላብጠው ያዩታል፣ አፍንጫቸውን ነፋ ያደርጉና «አስር ዶላር» ይሉሃል። ከምትገዛው ላይ ይቀንሱልሃል። አንተም ያተረፍክ መስሎህ ትወጣለህ።

ልጄ አስር ዓመቱ ነው፤ ዩ11 (ከ11 ዓመት በታች) ነው የሚጫወተው። ሆኪን የለመደው በረዶ ላይ ሳይሆን ሳሎናችን ውስጥ፣ ፕሌይስቴሽን ላይ ነው። ማክዴቪድ 97፣ ድራይሳይትል 29 እያለ የተጫዋቹን ሁሉ ቁጥር እንደ ዳዊት ይደግማል። እኔ የሆኪው ኦፍሳይድ ከእግር ኳሱ በምን እንደሚለይ የገባኝ አምና ነው። በፈረንጆቹ 2024 የከተማችን ቡድን ኦይለርስ በዋንጫው ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ በፍሎሪዳ 2 ለ 1 ሲሸነፉ ልጁ እራት አልበላም ብሎ ተኛ። በ2025 እንደገና በፍሎሪዳ ሲሸነፉ እኔም አብሬው ጾሜ አደርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው የገባንበት።

እናቱ ግን ልቧ አላረፈም። በ2023 እንግሊዝ አገር አዳም ጆንሰን የሚባለው ተጫዋች ጨዋታ ላይ በስኬት ብረት አንገቱን ተቆርጦ ከሞተ ወዲህ፣ የልጁን የአንገት መከላከያ ራሷ ካላሰረችለት ከቤት አይወጣም። እሱንና ሄልሜቱን ያለ ክርክር አዲስ ገዛን። ስኬቱን ያገለገለ እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። እግሩ በየስድስት ወሩ ያድጋል፤ አዲሱ፣ ደህና የሚባለው፣ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ልንወጣ ስንል እናቱ «እግዜር ለስኬት ያብቃችሁ» ብላ ሳቀች። ልጁ ቀልዱ አልገባውም። አማርኛው እዚያ ድረስ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ለልደቱ ጌም ሲጫወት የሚያደርገው ማይክ ያለው ሄድሴት (የጆሮ ማዳመጫ) ቃል ገብቼለት ነበር፤ 80 ዶላር ለይቼ አስቀምጫለሁ። ራሱ መጥቶ «ባባ፣ ሄድሴቱ ይቅር። ስኬቱ ይሻላል፣ ጣቴ እየታጠፈ ነው» አለኝ። ያን 80 ዶላር ነው ይዤ የሄድኩት።

ቅዳሜ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳልተኛ ሄድን። ሱቁ ጢም ብሏል። ያገኘን ሠራተኛ ከሃያ ዓመት የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ማስቲካ ያኝካል። አሮጌውን አየና «አስር ዶላር» አለ። ከግድግዳው ላይ አንድ ጥንድ አወረደ። «አንድ ሲዝን ብቻ ነው የተደረገው፤ አሁን ተስሎ ነው የወጣው» አለ። ዋጋው 105 ዶላር። የስኬት ቁጥር ከመንገድ ጫማ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል እንደሚያንስም ነገረኝ። ይሄ እውነት ነው። ያመንኩትም በዚህ ነው። ሰውየው ሥራውን ያውቃል አልኩ።

ልጄ ቀኙን አደረገ። ማሰሪያውን ጠበቅ አደረግኩለት፤ ብድግ አለና በአንድ እግሩ ቆመ። «እንዴት ነው?» አልኩት። «አሪፍ ነው ባባ!» አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ግራውን ለማድረግ እጁን ዘረጋ። ሠራተኛው ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አየት አድርጎ «አንዱ ከሆነ ሌላውም ይሆናል፤ ጥንድ እኮ ነው» አለ። ልጄ እኔን አየኝ። እኔስ ምን አልኩ? «በቃ አቡሽ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኩት።

ይቺን ቃል ከቅዳሜ ጀምሮ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኳት። ልጁ ልሞክረው አለ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ከኋላዬ የቆሙትን ፈረንጆች ላለማስጠበቅ፣ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ» እንዳይሉኝ። ይሉኝታ! 105 ሲቀነስ 10፣ 95፤ የፌዴራሉ 5 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት 99 ዶላር ከ75 ሳንቲም። የይሉኝታ ዋጋ በደረሰኝ ተጽፎ ያገኘሁት በዕድሜዬ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ እኮ መርካቶ ነው ያደግኩት። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ገልብጬ፣ አንኳኩቼ፣ አሽትቼ፣ ሦስቴ ሄጄ ተመልሼ ነበር የምከፍለው። ጫማ ከሆነማ ሁለቱንም አድርጌ ሱቁን አንድ ዙር ሳልዞር ብር ከኪሴ አይወጣም። እዚያ ያልተበላሁ ሰው እዚህ፣ ዋጋ በኮምፒውተር በሚታተምበት አገር፣ በአንድ ማስቲካ አኛኪ ልጅ ተበላሁ።

እሁድ ጠዋት ገና ጨለማ ሳለ ልጄ የሚለማመድበት በረዶ ቤት ደረስን። ተንበርክኬ ቀኙን አሰርኩለት። ግራው ግን አልገባም አለ። «ትንሽ ገፋ አድርገው፣ እስኪላመድህ ነው» አልኩት። አሁንም እኔ! ገፋው። ፊቱን ሲያኮማትር አየሁ፣ ምንም ሳይል ወረደ። ከመስታወቱ ጀርባ ቡናዬን ይዤ ቆምኩ። ልጆቹ ይዞራሉ፣ ያቆማሉ፣ ይዞራሉ። የእኔው ወደ ቀኝ ሲዞር ይወድቃል። ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። አስር ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ አሠልጣኙ ክንዱን ይዞ አወጣልኝ። ልጄ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ስኬቱን ስናወልቅ የግራው ካልሲ ጫፍ ቀይ ሆኗል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ተሰንጥቋል፣ ተረከዙም ተልጧል። አሠልጣኙ ሁለቱን ስኬቶች አነሳና ተረከዝ ለተረከዝ ገጥሞ ብርሃን ላይ ያዛቸው። ግራው አጭር ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ላይሞላ ይችላል፤ ግን አጭር ነው። ምንም አልተናገረም። የዋጋው ወረቀት የተለጠፈው ግራው ጎን ላይ፣ ልክ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ነበር። በጥፍሬ ፋቅኩት። ሙጫው አልለቅ ብሎ በቁልፍ ፋቅኩት። 2 የሚል ቁጥር ወጣ። ቀኙ 3 ነው። የግራውን ስኬት ምላስ ገልብጬ ውስጡን አየሁ፤ እዚያ ያለውን ቁጥር በጥቁር ማርከር አድምቀው አጥፍተውታል። ስህተት ነው እንዳልል ያደረገኝ ያ ማርከር ነው።

በረዶ ቤቱ ውስጥ ስኬት የሚስሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በአውራ ጣታቸው ብረቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ይሄ ጥንድ አይደለም፣ ሁለት ስኬት ነው» አሉኝ። ሞዴሉ አንድ ነው፣ ባለቤቱ ግን ሁለት ነው ማለታቸው ነው። ስኬት በተሳለ ቁጥር ብረቱ ትንሽ ትንሽ ያልቃል። የቀኙ ገና ብዙ ቀርቶታል፣ የግራው ሊያልቅ ምንም አልቀረው። «ተስሎ ነው የወጣው» ያሉኝም ውሸት ነው፤ ስለቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸራረፈ አሳዩኝ። ልጄ በአንድ ረጅምና በአንድ አጭር እግር ነበር ሲንሸራተት የነበረው።

ሰኞ ከሰዓት ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቼ በነጠላ ጫማ ይዤው ሄድኩ። ያው ሠራተኛ፣ ያው ኮፍያ። ስኬቶቹን ጠረጴዛው ላይ ገጥሜ አስቀመጥኩለት። 2 እና 3ን በጣቴ አሳየሁት። ስልኩን አላስቀመጠም። አየት አደረገና «ከእኛ ሲወጣ ጥንድ ነበር። በረዶ ቤት ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮባችሁ ይሆናል» አለ። እኔ ሌባ መሆኔ ነው? የዋጋ ወረቀታቸው እኮ አሁንም ግማሹ ግራው ላይ ተጣብቋል! እሱን ሳሳየው «የብዙ ልጅ አንድ እግር ከሌላው ያንሳል» አለኝ። እንግዲህ የልጄ እግር ላይ ሊያሳብብ ነው።

አለቃህን ጥራልኝ አልኩት። ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ ብቻ መጣ፤ «ደረሰኙን ያንብብ በለው» የሚል። ሰውየው ፊቱን እንኳ አላሳየኝም። ደረሰኙን አውጥቼ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሠራተኛው ደግሞ፣ ይህንን በደግነት ነው የሚለኝ፣ «እግር ኳስ ለምን አታስገባውም? ርካሽ ነው፣ ኳስ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም ገብቶኛል፣ እናንተም ይገባችኋል። ልጄም ገብቶታል። ጆሮው ቀልቶ ወለሉን ያይ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ልጄ እጄን የሳበው። «ባባ፣ የኔ ናት» አለ። ግድግዳው ላይ፣ ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ በአስር ዶላር የወሰዱት አሮጌ ስኬቱ ተሰቅሏል። ዋጋው 65 ዶላር። ከእሷ ላይ ምንም አላጠፉም። ከሌላ ልጅ ጋር እንዳይቀያየርበት እናቱ ምላሱ ውስጥ በማርከር የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፋበት ነበር። «ና» ትላለች። ፊደል መሆኗን ስላላወቁ ይሆናል የተዉአት። እዚያ ተሰቅላ «ና» ትላለች፣ ልጄም አንጋጦ ያያታል።

ወጣን። ምን ላደርግ? ጮኼ ቢሆን ፖሊስ የሚጠራብኝ እኔ ላይ ነው።

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። ሁለቱንም እግር አስደርጉ፤ የፈለገ ሰልፍ ይሰለፍ። ሁለቱን ተረከዝ ለተረከዝ ግጠሙ፣ የዋጋ ወረቀቱን አስነሡና ቁጥሩን እዩ፣ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ሄልሜት ግን ያገለገለ አትግዙ፤ የሲኤስኤ (የካናዳ የደህንነት ደረጃ) ምልክቱ ቢኖርበትም ስንት ጊዜ እንደወደቀ አታውቁም። አቅም ከጠበበ ደግሞ እዚሁ ኤድመንተን ስፖርት ሴንትራል የሚባል ድርጅት ለልጆች የስፖርት ዕቃ በነጻ ይሰጣል፣ ለምዝገባ ክፍያ ኪድስፖርት ይረዳል። ይህን የነገረችኝ እሁድ ዕለት አጠገቤ ቆማ የነበረች ኤርትራዊት እናት ናት። እኔ ቀድሜ ሰው አልጠየቅኩም። ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ልጁ ሳሎን ነው። ግራ እግሩን ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ሳፋ ውስጥ ነክሮ ፕሌይስቴሽኑን ይጫወታል፤ ያለ ሄድሴት። እናቱ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ የስኬቱን ቀልድ አልደገመችውም። እሱ እስካሁን ሁለቴ «ባባ፣ ሐሙስ ልምምድ አለ» ብሎኛል።