«ፋንታዚያ» ኔክታሪን ለጓሮ ሲመዘን

ኔክታሪን ቆዳው ጸጉር የሌለው ኮክ እንጂ ብዙዎች እንደሚያስቡት የኮክና የፕሪም ድቅል አይደለም። በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ ከተማ ባለው ጓሮዬ ከተከልኳቸው ሁለት ዓይነቶች መካከል የምመርጠው፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በፍሬዝኖ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣውን ፋንታዚያ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋው ቢጫ፣ ከዘሩም በቀላሉ የሚላቀቅ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ ሲቀጠፍ ደስ የሚል ኮምጣጣነት አለው፤ ዛፉ ላይ ከበሰለ ግን ማር ማር ይላል። አንድ ዛፍ ብቻውን ያፈራል፤ ሆኖም በብርዱ ወራት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ቅዝቃዜ 500 ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ ብርድ ለማያውቅ አካባቢ አልመክረውም።

ዋናው ጉድለቱ ቅጠል በሚያጨማድደው የፈንገስ በሽታ መጠቃቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችላ ብዬው ቅጠሉ ቀልቶ፣ ተጨማዶ ረገፈ፤ ከዚያ ወዲህ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ፣ የመዳብ መድኃኒት እረጭበታለሁ። ገና ለጋ የሆነውን ፍሬ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እያስቀሩ ማራገፍም ያንገበግባል፤ ካልተራገፈ ግን ፍሬው ያንሳል፣ ቅርንጫፉም ይሰበራል።

ሁለተኛው፣ ድንክዬው ኔክታ ዚ፣ በትልቅ ማሰሮ የሚያድግ በመሆኑ በረንዳ ብቻ ላለው ሰው ይበቃል፤ ጓሮ ያለው ግን ፋንታዚያን ይትከል።